ቅጂው አለ፤ ግን የት ነው?

በጅማ ከተማ ለኮምፒውተር ክፍል፣ ለመዝገብ ቤትና ለግምጃ ቤት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤

የዚህን ስብሰባ አዘጋጆች አንድ ነገር ለምኛቸው ነበር፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ ሳይሆን የግምጃ ቤትና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችንም እንዲጋብዙልኝ። ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በሚደረግ ንግግር ላይ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ምን ይሠራል ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። መልሱ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ነው። ባጭሩ ግን፣ ሃርድ ዲስኩ ከማሽኑ ተነቅሎ በሰው እጅ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ሥራ ከእኛ ከኮምፒውተር ሰዎቹ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ደግሞ ለመጠየቅ ስናፍር ብዙ ዓመት አልፎብናል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው በየስንት ቀኑ ይወሰድ፣ በየትኛው ሶፍትዌር ይወሰድ፣ ስንት ይሁን እያልን ነው። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው የ3፣ 2፣ 1 ደንብ የሚባል አለ፤ የመረጃው 3 ቅጂ ይኑር፣ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ማከማቻ ላይ ይሁኑ፣ 1ዱ ከሥራ ቦታው ውጭ ይቀመጥ ይላል። ደንቡ መልካም ነው፤ እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ከሦስቱ ቁጥሮች በጣም ትንሿ፣ ያቺ የመጨረሻዋ 1፣ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ ይዛ ትመጣለች። ቅጂው ከሕንፃው ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ፣ ማን እንደያዘውና እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ አካል መኖር አለበት፤ ደንቡ ስለዚያ አንድም ቃል አይናገርም።

ከዓመታት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየሄደ የሚመለስበት ሰሞን። አንድ ጠዋት ዋናው ሰርቨር፣ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ሁሉ የሚይዘው ኮምፒውተር፣ አልነሳ አለ፤ ከውስጡ ያሉት ዲስኮች ሁለቱ በአንድ ላይ ተበላሽተዋል። እኛ ግን አልደነገጥንም፤ ባክአፕ ነበረና። ዝርዝሩን ስንፈልግ ዝርዝሩ ራሱ በዚያው በወደቀው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የኤክሴል ፋይል ሆኖ ተገኘ። ከመካከላችን አንዱ «የመጨረሻው ካዝና ውስጥ ነው» ብሎ አስታወሰ። የትኛው ካዝና? በግቢው ሁለት ካዝና አለ። ገንዘብ ያዡ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ቁልፉ እስኪገኝ አንድ ቀን ሄደ። ሲከፈት ሦስት ተመሳሳይ ጥቁር ዲስኮች ወጡ፤ አንዱ «ባክአፕ»፣ ሌላው «ባክአፕ አዲስ» የሚል የተጻፈበት፣ ሦስተኛው ምንም ያልተጻፈበት። «አዲስ» የተባለው ከሦስቱ አሮጌው ነበር።

የምንፈልገው ዲስክ በአራተኛው ቀን ከአንድ የሥራ ባልደረባችን መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሰውየው አልሰረቀም፤ የሥልጠና ቪዲዮ ለመገልበጥ አስፈቅዶ ነበር የወሰደው። ሥራውን ጨርሶ ሊመልስ ሲመጣ ያስረከበው ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ስለዚህ «የሚመለከተው ሰው እስኪመጣ» ብሎ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ጠቅልሎ ነበር ያስቀመጠው፤ ይህን የምናገረው ለክብሩ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ንጹህ ነበር፤ ወደ አዲሱ ማሽን ለመመለስ የፈጀው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ፍለጋው የፈጀው ግን አራት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በተጻፈው ሪፖርት ላይ የችግሩ መንስኤ «የኤሌክትሪክ መቆራረጥ» ተብሎ ሰፈረ። እኔም ፈርሜበታለሁ። ዛሬ ብጽፈው እንደዚያ አልልም። መብራቱ ያስወጣን ሦስት ሰዓት ነው፤ አራቱን ቀን የወሰደብን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የተላለፈ ዕቃ ያለ ጽሑፍ መተላለፉ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም የዲስኩን ቦታ አልረሳም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው በመጨረሻ ያየበትን ቦታ ነበር፤ ሁሉም እውነቱን ተናግሯል፤ ሁሉም ተሳስቷል።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው፤ የቀረው ንግግሬ እሱኑ ማብራራት ነው። ቦታ እንደ ቀለም ወይም እንደ ክብደት የዕቃው የራሱ ጠባይ አይደለም። የአንድ ዲስክ ቦታ ማለት የመጨረሻው ርክክብ ውጤት ማለት ነው። ስለዚህ ቦታን የሚመዘግብ ዝርዝር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በተጻፈ ማግስት ማርጀት ይጀምራልና። መመዝገብ ያለበት ርክክቡ ነው፤ ርክክቦቹ በቅደም ተከተል ከተጻፉ ቦታው ከመጨረሻው መስመር ላይ በራሱ ይነበባል።

ይህ ችግር የእኛ ድህነት ያመጣው እንዳይመስላችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰዎችን የግል መረጃ የያዙ 2 ሲዲዎችን ለኦዲተሮች ሲልክ በተራው የውስጥ ፖስታ፣ ያለ ሪኮማንዴ፣ ያለ መከታተያ ቁጥር ላካቸው። ሲዲዎቹ አልደረሱም፤ እስከ ዛሬም አልተገኙም። የመሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር ሥልጣን ለቀቁ። ልብ በሉ፤ በዚያ ጉዳይ ኮምፒውተር አልተበላሸም፣ ሌባም ገብቶ አልወሰደም፤ ዕቃው ከአንድ ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲሄድ በመንገድ ላይ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት የናሳ ታሪክ ደግሞ ለእኔ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል። በ1969 እ.ኤ.አ. ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን ከረገጠበት ከአፖሎ 11 ጉዞ የተላለፈው የምስልና የመረጃ ምልክት በትላልቅ የማግኔት ቴፖች ላይ ተቀድቶ ነበር። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ቴፖቹ ሲፈለጉ መዝገቡ እስከ አንድ ቦታ ድረስ በትክክል ይመራል፤ ከ2,600 በላይ ካርቶን ወደ ብሔራዊው የሰነድ መጋዘን ገብቷል፣ ከዚያም ከሁለቱ ካርቶኖች በቀር ሁሉም በናሳው በጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ጥያቄ ወጪ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ግን መስመር የለም። ፈላጊዎቹ በ2009 እ.ኤ.አ. የደረሱበት መደምደሚያ ቴፖቹ በቴፕ እጥረት ዘመን ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ አልቀሩም የሚል ነው። የግምጃ ቤት ሰዎች ይህን ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ የወጪ ሰነዱ አለ፣ የተቀባዩ ገቢ ሰነድ የለም። መጋዘኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ያጠፋው ተቀባዩ ነው። የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበትን ዋናውን ቅጂ ካጡ፣ እኛ የደመወዝ ፔሮል ብናጣ አይገርምም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሃርድ ዲስክ ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለኮምፒውተር ክፍል ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥርዓት ከብዙ ዘመናዊ ሶፍትዌር የተሻለ ነው፤ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ የሰጠና የተቀበለ ሰው ፊርማ አለው። ክፍተቱ የሚጀምረው ከሞዴል 22 በኋላ ነው። ፍላሽና ቴፕ ደግሞ በብዙ ቦታ እንደ ወረቀትና እንደ እስክሪብቶ በአላቂ ዕቃነት ስለሚመደቡ አንዴ ወጪ ከሆኑ የሚጠይቃቸው የለም። ግምጃ ቤቱ የሚያውቀው የባዶውን ዲስክ ዋጋ ነው፤ በላዩ ላይ የአንድ ተቋም የአሥር ዓመት መዝገብ ከተጻፈበት በኋላ ያለውን ዋጋ የሚያውቀው የኮምፒውተር ክፍሉ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ግን ቢን ካርድ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ የለውም። ይህንን ክፍተት ለመሙላት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ማከማቻዎቹን ይዘት እስካላቸው ድረስ እንደ ቋሚ ዕቃ መቁጠርና ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ካርድ መክፈት ነው።

ካርዱ የሚጀምረው ከመለያ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው ስሕተት የሚወለደው እዚህ ነውና። «የ2015 ፋይናንስ» ብላችሁ በዲስኩ ላይ አትጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ይዘቱ ይለወጣል፤ ጽሑፉ ግን ይቀራል። «አዲስ» ወይም «የመጨረሻ» ብላችሁ ፈጽሞ አትጻፉ፤ የሚያስከትለውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። «ካዝና ቁጥር 2» ብላችሁም አትጻፉ፤ ነገ ከካዝናው ይወጣል። መለያው ስለ ይዘቱም ስለ ቦታውም ምንም የማይናገር፣ ለዕድሜ ልክ የማይቀየር ተራ ቁጥር ይሁን፤ 001፣ 002 እያለ የሚሄድ። ትርጉሙ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ በመንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ ያነሳው ሰው ምን እንደያዘ ከላዩ አንብቦ አያውቅም።

ትልልቅ ተቋማት የሚጠቀሙበት ኤልቲኦ የተባለው የማግኔት ቴፕ በዚህ በኩል የተሠራ ሥርዓት አለው፤ በጀርባው የሚለጠፈው ባርኮድ ስድስት ፊደልና ቁጥር፣ ቀጥሎም የቴፑን ትውልድ የሚገልጹ ሁለት ምልክቶች ይይዛል፤ ስምንተኛው ትውልድ መረጃው ሳይጨመቅ 12 ቴራባይት፣ ዘጠነኛው 18 ቴራባይት ይሸከማል። ካሴቱ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቺፕ አለች፤ ቴፑ ስንት ጊዜ እንደተጫነ፣ በቅርቡ በየትኞቹ ማሽኖች እንደተነበበ ትመዘግባለች። ይህንን ስሰማ መጀመሪያ ላይ ችግሩ ተፈትቷል ብዬ ነበር። አልተፈታም። ቺፗ የማሽኑን ታሪክ እንጂ የመደርደሪያውን ታሪክ አታውቅም፤ ቴፑ ሁለት ዓመት በማን ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተኛ ልትነግራችሁ አትችልም።

ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው። ባኩላ የሚባለውን ነፃ የባክአፕ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ታውቃላችሁ፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ በሚያስደንቅ ዝርዝር ይመዘግባል፤ ቴፑ በቴፕ መቀያየሪያው ማሽን ውስጥ እስካለ ድረስም የገባበትን ማስገቢያ ቁጥር ያውቃል። ከማሽኑ ሲወጣ ግን የሚያውቀው «በውስጥ የለም» የሚለውን ብቻ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ለቦታና ለቦታ ለውጥ የተዘጋጁ ሠንጠረዦች አሉ፤ ቀን፣ አስተያየትና አዲስ ቦታ የሚጻፍባቸው። የሚጽፍባቸው ግን ሰው ነው። ሶፍትዌር የደብተሩን ገጽ አስምሮ ይሰጣል እንጂ ዲስኩን ቦርሳ ውስጥ የከተተውን ሰው አያይም።

ስለ ቦታ ስም አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገቡ ላይ «ቢሮ» ተብሎ የተጻፈ ቦታ ቦታ አይደለም። «የቀድሞው መዝገብ ቤት» የሚለውም አይደለም፤ መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ክፍሎች ስም ይለዋውጣሉ፤ በአንድ ግቢ ሦስት «የቀድሞ መዝገብ ቤት» አይቻለሁ። በሰው ስም የሚጠራ ቦታ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውየው ሲዛወር ቦታው አብሮት ይዛወራል። ሕንፃ፣ ክፍል፣ ቁም ሣጥን ወይም ካዝና፣ መደርደሪያ፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩም በበሩና በመደርደሪያው ላይ በዓይን በሚታይ ቦታ ይጻፍ። አንድ አዲስ ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረ፣ መዝገቡን ብቻ ይዞ ማንንም ሳይጠይቅ ዲስኩ ጋ መድረስ ካልቻለ የተጻፈው ቦታ ገና አልተጻፈም።

ከቦታዎቹም መካከል «በመንገድ ላይ» የሚል አንድ ቦታ ይኑር። ከጅማ አዲስ አበባ በግምት 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወልቂጤ በኩል፣ ጊቤን ተሻግሮ። ፖስታ ለአውቶቡስ ሹፌር ወይም ለረዳቱ ሰጥቶ «እዚያ የሚቀበልህ ሰው አለ» ማለት በአገራችን የኖረ ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል፤ በእርግጥም የእኛ ሹፌሮች የብሪታንያ የውስጥ ፖስታ ያልፈጸመውን አደራ ሲፈጽሙ አይቻለሁ። ይሁንና ዲስኩ በአውቶቡስ ላይ ሳለ በመዝገቡ ላይ «ጅማ» ተብሎ ከቆየ ውሸት ነው፤ «አዲስ አበባ» ተብሎ ቀድሞ ከተጻፈም ውሸት ነው። ላኪው «በመንገድ ላይ» ብሎ ይጻፍ፤ ተቀባዩ ሲደርሰው ደውሎ ወይም ጽፎ ያረጋግጥ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ካልመጣ ጥያቄ የሚያነሳው ሰው አስቀድሞ በስም ይታወቅ። ከከተማ ውጭ የሚሄድ ማንኛውም ቅጂ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ያለ ምስጢር ቁልፍ እንዳይነበብ ይመስጠር፤ ቁልፉም ከዲስኩ ጋር በአንድ ፖስታ አይሂድ።

ከሥራ ቦታ ውጭ የሚለው ቃል በጅማ ምን ማለት ነው? በብዙ ቦታ ያየሁት ትርጉም «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ቤት» የሚል ነው። አልነቅፈውም፤ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ያ ቤት በመዝገቡ ላይ እንደ ማንኛውም ቦታ ይጻፍ፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ በሚያዞረው ክሊራንስ ላይም «የመረጃ ማከማቻዎችን አስረክቧል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ወንበርና ካልኩሌተር ሳይመልስ የማይለቀቅ ሠራተኛ የተቋሙን ሙሉ ቅጂ በቤቱ ይዞ ሲሰናበት ዝም ማለት ትክክል አይደለም። ቦታ ስትመርጡ ደግሞ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያለውን ዝቅተኛ ሰፈርና ዋናው ሕንፃ ያለበትን ሰፈር አትምረጡ፤ ሁለተኛው ቅጂ አንደኛውን የሚያጠፋው ጎርፍ ወይም እሳት የማይደርስበት መሆን አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትራስቡርግ በሚገኘው ኦቪኤች በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ላይ እሳት ሲነሳ አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ዋናውንም መጠባበቂያውንም በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ቅጂ ነበራቸው፤ ቦታው ላይ ግን አልጠየቁም። «እኛ ክላውድ፣ በኢንተርኔት የሚገኝ የሌላ ኩባንያ ማከማቻ፣ ስለምንጠቀም ይህ አይመለከተንም» ለምትሉም መልሱ ይኸው ነው፤ ክላውድም በአንድ አገር፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ ዲስክ ነው፤ መዝገባችሁ ላይ አገሩ፣ የሒሳቡ ባለቤትና ክፍያው የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ።

ስለ እርጥበት ለጅማ ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር ክረምት ላይ ጫማ እንኳ በቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ኤልቲኦ ቴፕ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከጅማ ጋር ይስማማል፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ከዚህ በግልጽ ያልፋል። ስለዚህ የቦታው መዝገብ የመደርደሪያ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዚያን ክፍል ሁኔታም ይያዝ፤ የእርጥበት መለኪያ በየሳምንቱ ታይቶ ይጻፍ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ቴፕ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት 24 ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ይቆይ። የቡና ነጋዴዎቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ ያለፈ ቡና አያስገቡም፤ ጆንያውን በቀጥታ ወለል ላይ አያሳርፉም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ይደረድራሉ። እኔ ደግሞ በብዙ ቢሮዎች ዲስኮች በሚያፈስ መስኮት ሥር በካርቶን ተቀምጠው አይቻለሁ።

ቡናን ካነሳሁ አይቀር፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደን ደንብ መሠረት ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲታወቅ ተጠይቋል፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያውን በሙሉ መለካት አለበት። በዚህ ዞን ወጣቶች ስልክ ይዘው በየገበሬው ማሳ እየዞሩ መገኛ ሲመዘግቡ ታያላችሁ። የአንድ ጆንያ ቡና ማሳ በጂፒኤስ እየታወቀ፣ የዚያው ገበሬ ስም ያለበት ዲስክ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ አለመታወቁ ያስቀኛል፤ ያሳፍረኛልም።

መዝገቡን ማን ይጽፋል? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ አስረካቢው ይጽፋል፣ ተረካቢው ይፈርማል፣ ዕቃው የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሚወስደው ሰው እንዲጽፍ ከተተወ የሚቸኩለው እሱ ስለሆነ «ስመለስ እጽፈዋለሁ» ይላል። በጅማ መንግሥት ዘመን ወደ አገሩ መግቢያና መውጫ በኬላ ይጠበቅ ነበር፤ ነጋዴው የሚከፍለው፣ የሚጠየቀውም በኬላው ላይ ነው እንጂ ገበያ ከደረሰ በኋላ አይደለም። ለእኛም ያ ኬላ የቁም ሣጥኑ በር ነው። መዝገቡ በሌላ ፎቅ ከሆነ አይጻፍም፤ በበሩ ላይ በገመድ የታሰረ ደብተርና እስክሪብቶ ከምርጥ ሶፍትዌር ይልቅ ሲሠራ አይቻለሁ፤ የደብተሩ መስመር በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጥ። ዲስክ ተፈልጎ ሲታጣም የቀድሞውን ቦታ እንዳለ መተው ሳይሆን «በዚህ ቀን ተፈልጎ አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ይገባል። ይህን መስመር ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ኃላፊዎች ይህን የጻፈ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚቀጡ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ የሚጽፍ አይገኝም።

መዝገቡ ራሱም ቦታ ያስፈልገዋል። የእኛ ዝርዝር በወደቀው ሰርቨር ላይ እንደነበረ አስታውሱ። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ታትሞ አንዱ ከዲስኮቹ ጋር፣ አንዱ ከዲስኮቹ ውጭ ይቀመጥ። ባኩላም የራሱ የመረጃ ቋት ሲጠፋ መልሶ ለማግኘት የሚረዳ ትንሽ መሪ ፋይል ያዘጋጃል፤ እሷም በሌላ ማሽን ላይ እንድትቀመጥ ነው የሚመከረው። ለተመሰጠሩ ቅጂዎች ደግሞ የምስጢር ቁልፉ የት እንደሆነና ማን ሊከፍተው እንደሚችል በሌላ መዝገብ ይያዝ፤ ቁልፉ የጠፋበት ቅጂ በእጅ እያለም እንደጠፋ ነው። የካዝናው ብረት ቁልፍም ከሁለት ሰው ባላነሰ እጅ ይሁን፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ አይውጡ።

ቆጠራን በተመለከተ የኦዲት ሰዎች የሚያውቁትን ልድገም። በሰኔ መጨረሻ ንብረት ሲቆጠር ማከማቻዎቹም ይቆጠሩ፤ በሁለቱም አቅጣጫ። ከመዝገብ ተነስቶ ወደ መደርደሪያ መሄድ የጠፋውን ያሳያል፤ ከመደርደሪያ ተነስቶ ወደ መዝገብ መሄድ ያልተመዘገበውን ያሳያል። አብዛኞቻችን የምናደርገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ማንም የማያውቀው፣ የሰው የግል መረጃ የያዘ፣ በመሳቢያ ጥግ ያለ ፍላሽ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከጸደቀ ወዲህ ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ ቀን ሳትናገሩ የአንድ ዲስክ ቁጥር ጥሩና «አምጡ» በሉ፤ መረጃውን መመለስ አያስፈልግም፤ ዲስኩ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ የፈጀውን ሰዓት ብቻ ጻፉ። ያንን ሰዓት ለኃላፊ ማሳየት ከአሥር ገጽ ሪፖርት ይልቅ በጀት ያስገኛል።

የመጨረሻው የማስወገድ ጉዳይ ነው። አሮጌ ኮምፒውተሮች በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተወስኖ በጨረታ ሲሸጡ ዲስኩ በውስጣቸው እንዳለ ይሸጣል፤ ገዢው ለብረቱ የከፈለ ሲሆን መረጃውን በምርቃት ይወስዳል። ፋይሉን መሰረዝ ወይም በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ማድረግ መረጃውን አያጠፋውም፤ በላዩ ላይ ሙሉ በሙሉ መጻፍ ወይም ዲስኩን ራሱን መስበር ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ የሚዘጋው በቦታ ሳይሆን በቃለ ጉባኤ ቁጥር፣ በቀንና በሁለት ሰዎች ፊርማ ነው። በመጀመሪያ የነገርኳችሁ በመሳቢያ ውስጥ የተገኘው ዲስክ ካርድ የተከፈተለት ከዚያ ሐምሌ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ 007 ነበር። በካርዱ ላይ 31 ርክክቦች ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው መስመር «በመዶሻ ተሰብሮ ተወግዷል» ይላል፤ ከሥሩ ካሉት ሁለት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው። ቁጥሩ ለሌላ ዲስክ አልተሰጠም።